በባዶ ሆድ ወደ ሰው ደብር

አንዳንድ ሰው ሲፈጠር ወንበር አብሮት ይፈጠርለታል። ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣል፣ በመስኮት ያያል፣ ይተነፍሳል። እኔ ስፈጠር ወንበሩ ተረስቷል። ሥራዬ በቫን ዕቃ ማድረስ ነው፤ ቶሮንቶ ውስጥ ያላንኳኳሁት በር ጥቂት ነው። ቀይ መብራት ሲይዘኝ መሪውን በጣቴ እደበድባለሁ። ሊፍት ስጠብቅ የተጫንኩትን ቁልፍ ደግሜ እጫናለሁ። ቅዳሴ ላይም አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሬ እየቆምኩ ከኋላዬ ያሉትን ምእመናን አስቸግራለሁ። ሚስቴ ጽጌ፣ እንቅልፍ እንኳ ተጣድፈህ ነው የምትተኛው ትለኛለች። እውነቷን ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ለመልቀሚያውም ጊዜ ስለሌለኝ የፈሰሰውን ትቼ ነው የምሄደው።

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ቀኑን ሙሉ ቀስ ተብሎ፣ ዝም ተብሎ፣ ያለ ስልክ በእግር ለሚኬድ የቡድሂስቶች የስለት ጉዞ ማን ያጨዋል? ጠላቱ እንዳይመስላችሁ። ሚስቱ ናት።

ነገሩ የጎረቤት ነገር ነው። ክሬሰንት ታውን በምንኖርበት ፎቅ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት ጋሽ ሴና ይኖራሉ። ስሪላንካዊ ሽማግሌ ናቸው። ሙሉ ስማቸው ጉናሴና ነው፤ ጽጌ ግን ገና በገባን ሰሞን «ጋሽ ሴና» ብላ ክርስትና አነሣቻቸው። ቡድሂስት ናቸውና አነጋገሬን ይቅር በሉኝ። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሳቸው በአገራቸው ቃና፣ እኔም በአገሬ ቃና። እዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው አንቱ እላቸዋለሁ። እንግሊዝኛ ሽበት አይቶ አያውቅም፣ እኔ ግን አያለሁ።

ባለቤታቸው ማሊኒ ይባሉ ነበር። ልጃችን የተወለደ ጊዜ ዘመድ ሁሉ አገር ቤት ነበር፣ ጽጌ ብቻዋን አራስ ናት፣ እኔ እንደ ልማዴ መንገድ ላይ ነኝ። እኚያ ሴት ማንም ሳይጠራቸው መጥተው ልጁን ተቀብለው ጽጌን አስተኟት። በማግስቱም መጡ፣ በሣልስቱም መጡ፣ የሚያንገበግብ ሾርባ ይዘው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ በሮች መካከል ሳህን ሲመላለስ ኖረ፤ እነሱም እንደ እኛ ባዶ ሳህን መመለስ ነውር ነው የሚሉ ሕዝቦች ናቸው። ዓምና ማሊኒ ታመው ዐረፉ። ሳህኑም ቆመ።

ታዲያ ሴትዮዋ ሳይፈጽሙት የሄዱት ስለት ነበረባቸው። አገራቸው የሚገኝ አንድ ትልቅ ተራራ በእግራቸው ወጥተው ሊሳለሙ ተስለው ነበር፤ እኛ ግሸን፣ ቁልቢ እንደምንለው መሆኑ ነው። ሕመሙ ቀደማቸው። ስካርቦሮ ያለው ቤተ መቅደሳቸው ደግሞ ተራራው ለራቀባቸው ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሜይ ላይ ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ቀን፣ የእግር ጉዞ ያዘጋጃል። ከቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ይነሣሉ፣ በዳንፎርዝ አድርገው፣ ኪንግስተን ሮድን ይዘው እስከ ቤተ መቅደሱ ደጅ። ዘንድሮ ቀኑ ከማሊኒ ሙት ዓመት ጋር ገጠመ። ጋሽ ሴናም የሚስቴን ስለት እኔ በእግሬ አደርስላታለሁ ብለው ቆረጡ።

ችግሩ ጉልበታቸው ነው። ሐኪሙ ብቻዎን እንዳይሄዱ ብሏቸዋል። ካልጋሪ ያለው ልጃቸው መጥቼ አጅብዎታለሁ ብሎ ነበር፤ በመጨረሻው ሰዓት ሥራ ያዘው። ይህን ሲነግሩን በራችን ላይ ቆመው ኮፍያቸውን በእጃቸው ያዞሩ ነበር። እኔ የመፍትሔ ሰው ነኝና፣ ለዚህማ በቫኔ ሽው አደርግዎታለሁ አልኳቸው።

«በመኪና ከሆነ የእሷ ስለት አይሆንም» አሉ። «አንድ ፌርማታ እንኳ ብሳፈር ቀረ ማለት ነው።»

ይሄኔ ጽጌ በእኔና በእሳቸው መካከል ገብታ፣ አብሮዎት የሚሄድ ሰው አለ አለች። እኔም ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ያለኝን መከራከሪያ ሁሉ ደረደርኩ። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፣ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይላሉ፣ እነሱ ዘንድ ስገድ ብባልስ? ጽጌ ልብስ እያጠፈች መለሰችልኝ። እስከ ደጁ ሸኛቸው፣ ግባ ያለህ የለም። ደግሞም በዓለ ሃምሳ ነው፣ በገዛ ቤተ ክርስቲያንህም ስግደት የለም። ይቺ ሴት ሕግ ብታጠና ኖሮ ስንት ዳኛ ጡረታ በወጣ ነበር።

ነጭ መልበስ ግዴታ ነው ተባለ። እኔ ያለኝ ነጭ አገር ቤት የተሠራ የቤተ ክርስቲያን ልብሴና ነጠላዬ ብቻ ነው። እሱን ለብሼማ አልሄድም አልኩ፤ እሱን ለብሼ ሄድኩ። ስልኬንም ጽጌ በር ላይ ተቀበለችኝ፤ ሕጉ ነው አለች። ከክሬሰንት ታውን ወደ ጣቢያው በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ከጋሽ ሴና ጎን ስራመድ ባዶ ኪሴን በእጄ እየዳበስኩ ነበር።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ ተሰብስቧል። ከፊት ቢጫ የለበሱ መነኮሳት ቆመዋል። ቢጫ የለበሰ መነኩሴ ለእኛ ብርቅ ስላልሆነ በልቤ ተረጋጋሁ። የጉዞው አስተባባሪ ኩማሪ የምትባል ሴት ናት። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ ዓይኗ ግን ያገር ቤት የፈተና ተቆጣጣሪ ዓይን ነው። ሕጉን ነገረችን። እስከ እኩለ ቀን ንግግር የለም። መፍጠን የለም፤ እያንዳንዱን እርምጃ እያወቃችሁ ትረግጣላችሁ። ከእኩለ ቀን በኋላ እስከ ነገ ንጋት ምግብ የለም፤ ምሳ የሚበላው ቀድሞ ነው። እኔን ለብቻዬ ጠርታ ደግሞ፣ ሽማግሌው ወደ ኋላ ይቀራሉና ከጎናቸው እንዳትለይ አለችኝ። አልለይም አልኩ። ምን ከባድ ነገር አለው?

እናንተዬ፣ ቀስ ብሎ መሄድ ከባድ ነው። እግሬን አነሣለሁ፣ እግሬ ግን የደረሰበትን አያውቅም፤ ሳላስበው መነኮሳቱን አልፌ ዳንፎርዝ ላይ ብቻዬን ስገሰግስ ራሴን አገኘዋለሁ። ኩማሪ ሳትናገር ነጠላዬን ይዛ ትመልሰኛለች። ጥቂት ቆይቼ እንደገና አመልጣለሁ። መንገድ ላይ ያሉ ፈረንጆች የነጠላዬን ጥለት እያዩ መሪው እኔ መስዬአቸው ፎቶ አነሡኝ። አንዷማ እጇን ደረቷ ላይ አጋጥማ ሰላምታ ሰጠችኝ። ጨዋ ነኝና ባረኳት።

መናገሩ መከልከሉ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ለካ አፌ ሲዘጋ ሐሳቤ ይጮኻል። የቫኑ ዘይት፣ የልጁ ጥርስ፣ ሰኞ የማደርሰው ፍሪጅ፣ ለአጎቴ ያልደወልኩት ስልክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ተነሥተው ይጨቃጨቃሉ። ጋሽ ሴናን አየሁ። ምርኩዛቸውን ቀድመው ይተክላሉ፣ ቀጥለው ደኅነኛውን እግር፣ ከዚያ የታመመውን። ፊታቸው ላይ ምንም መቸኮል የለም። እኚህ ሰው ሚስታቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት፣ እኔ ፍሪጅ ይዤ ነው የምሄደው አልኩ በልቤ።

አሁን ወደ ምሳው ልምጣ፤ የጠፋሁት እዚያ ላይ ነውና።

ዳንፎርዝ አልቆ ኪንግስተን ሮድን እንደያዝን አንድ መናፈሻ ገብተን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ኩማሪ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ወጥ ታድል ጀመር። የወጡ ሽታ ከሩቅ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘኝ። ጠዋት ከጭንቀት የተነሣ ምንም አልቀመስኩም። ኩማሪ እኔ ዘንድ ደርሳ ጥቅሉን ዘረጋችልኝ። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ራሴን ግራና ቀኝ ወዘወዝኩ። አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ ማለቴ ነው።

ኩማሪ ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።

መግደርደር የገመድ ጉተታ ነው፤ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ እምቢ ይላል፣ ሌላው በሞቴ ይላል፣ አንዱ ኧረ ጠግቤያለሁ ይላል፣ ሌላው አፈር ስሆን ይላል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ምግቡ አፍ ይደርሳል። ያኛው ወገን ገመዱን ዝም ብሎ ከለቀቀው ግን በጀርባ መውደቅ ነው። እኔ ወደቅሁ። ያም ሆኖ ተስፋ አልቆረጥኩም፣ ትመለሳለች አልኩ። እውነትም ተመለሰች። ጎንበስ ብላ በዓይኗ ብቻ፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለችኝ። ይሄ ሁለተኛው ልመና ነው። እኛ ዘንድ በሁለተኛው ልመና እሺ የሚል ሰው ሆዳም ነው የሚባለው። እርግጠኛ ነኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ምራቄን ዋጥኩ። ሦስተኛው አልመጣም። ኩማሪ ሰዓቷን አየች፣ የተረፈውን በከረጢት ቋጠረች፣ እኩለ ቀን ሆነ።

ጋሽ ሴና ጥቅላቸውን ጨርሰው ጣታቸውን እየጠራረጉ፣ መናገር ተፈቅዷልና፣ ለምን እንዳልበላሁ ጠየቁኝ። ስለ እርስዎ ባለቤት ስል ጾምኩ አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም፤ ይሉኝታ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ትከሻዬን ያዙኝ። እኔም አሁን ያልበላ ሰው መሆን ብቻ ሳይሆን የመብላት ተስፋውንም በገዛ አፌ የዘጋሁ ሰው ሆንኩ።

ኪንግስተን ሮድ ላይ ስንት የምግብ ቤት እንዳለ ታውቃላችሁ? እኔ በቫን ሳልፍ አይቼው አላውቅም ነበር። በእግር፣ በዚያ ፍጥነትና በዚያ ሆድ ሲኬድ ግን ሁሉም በየተራ ይወጣል። የተጠበሰ ዶሮ አለፍን፣ ለረጅም ጊዜ። ፒዛ አለፍን፣ እሱንም ለረጅም ጊዜ። ሌሎቹ ተጓዦች ቀድመውን ሄደው ነጭ ነጭ ነገር ብቻ ሆኑ። ጋሽ ሴና ጉልበታቸው ስለ ጠዘጠዛቸው አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሱ ጀመር። ከፌርማታው ጀርባ በፕላዛው ጥግ አንድ ቡና ቤት አለ። በመስታወቱ ዶናቱ ይታያል።

ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሺ ማለታቸው ይሁን እንቅልፍ ወዝውዟቸው አሁንም አላውቅም። አንድ ዶናት ለመዋጥ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ለእኔ ለጥድፊያው ሰው ምንም።

ሮጬ ገባሁ። ሰልፉም አጭር ነበር። ሰልፉ ጫፍ ላይ ግን እትዬ ውድነሽ ቆመዋል።

እትዬ ውድነሽን የቶሮንቶ ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የመጡ፣ ስንቱን አዲስ መጤ ቤት ያስያዙ፣ ስንቱን የተጣላ ያስታረቁ የቤተ ክርስቲያናችን እናት ናቸው። ከእሳቸው የሚሰወር ነገር የለም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ነጠላዬን አዩ፣ በጉዞው የተሰጠኝን፣ እጄ ላይ የረሳሁትን የሎተስ አበባ አዩ።

«የማን ንግሥ ነው ዛሬ?» አሉኝ።

የማንም አይደለም፣ ለሰው ጉዳይ ነው ብዬ ተንተባተብኩ። እሳቸውም ለጊዜው ለቀቁኝ፤ ፊቴን አይተው ርቦሃል አሉ፣ እኔ ልጋብዝህ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ከጠዋት ጀምሮ በረሃብ የተቃጠልኩ ሰው፣ ከዶናት ፊት ቆሜ፣ በሕይወት ያለች ሐበሻ ብላ ስትለኝ፣ ከአፌ የወጣው ቃል ምን ይመስላችኋል? ኧረ አሁን ነው የበላሁት፣ እትዬ።

እሳቸውም ሥራቸውን ያውቃሉ። በሞቴ አሉ። ኧረ አይገባም አልኩ። አፈር ስሆን አሉ። ጾመኛ ነኝ አልኩ። በበዓለ ሃምሳ ምን ጾም አለ፣ ካቶሊክ ሆንክ እንዴ አሉ። ሆዴን ያመኛል አልኩ። እንግዲያው ሾርባም አለ አሉ። ከኋላችን ሰልፉ ረዘመ። ሻጯ ልጅ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ታያለች። ብሞትስ ብትቀብረኝ አይቆጭህም አሉ። ይሄን ቃል ነበር የምጠብቀው፤ ከዚህ በኋላ እምቢ ማለት ብልግና ነው። እንግዲያው ለእርስዎ ስል አንድ ልቅመስ አልኩ። ለልጁ የሚሆን በከረጢት አስጨመሩ፣ እሱንም ተግደረደርኩ፣ እሱም ጊዜ ወሰደ። በመጨረሻ ዶናቱን አገኘሁት። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎርሼ በመስታወቱ ወደ ውጪ አየሁ።

አግዳሚው ባዶ ነው።

ጉርሻውን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ወጥቼ በግራ አየሁ፣ በቀኝ አየሁ፣ ከፌርማታው ጀርባ አየሁ። አውቶቡስ አንሥቷቸው ይሆን? ነቅተው ሲያጡኝ ተሳፍረው ቢሆንስ? አንድ ፌርማታ እንኳ ብሳፈር ቀረ ማለት ነው ያሉት ትዝ አለኝ። መንገድ ሊያቋርጡ ሲሉ ወድቀው ቢሆንስ? ስልክ የለኝ፣ ምን የለኝ። በጣም ፈራሁ። ቀኑን ሙሉ ስፈራው የዋልኩት ሁሉ፣ ፍሪጁም የንስሐ አባቴም፣ ጨዋታ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከጎናቸው እንዳልለይ ብቻ ነበር የተጠየቅሁት።

እትዬ ውድነሽ ተከትለውኝ ወጥተው ምን ሆነሃል አሉ። ነገርኳቸው፤ አሁን የምደብቅበት ጉልበት አልነበረኝም። ስለ ጎረቤቴ፣ ስለ ማሊኒ፣ ስለ ቡድሃው ጉዞ፣ ሁሉንም። ቡድሃ ስል ከንፈራቸው ተጨማደደ። ሙት ዓመት ስል ግን ከረጢቱን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ለሚስቱ ሙት ዓመት የሚሄድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ጥለህ፣ አንተ እዚህ ዶናት ትለመናለህ?» አሉ። «መኪናዬን እዚያ ነው ፓርክ ያደረግሁት፣ ና ግባ።»

የእትዬ ውድነሽ መኪና በቅዱሳን ሥዕል፣ ሾፌሯም በቁጣ የተሞሉ ናቸው። ወደ ፊት፣ ወደ ቤተ መቅደሱ አቅጣጫ ነዳን። ነጭ ልብስ ባየሁ ቁጥር አቁሙ እላለሁ፤ አንዱ ቀለም ቀቢ ሆነ፣ አንዱ ኩሽና ሠራተኛ። ከፊት የቀደሙት ተጓዦች ዘንድ ደረስን፣ ከእነሱ ጋርም የሉም። ኩማሪ ከሰልፉ ውስጥ አየችኝ። መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ አፌ ላይ ስኳር፣ ከጎኔ ሽማግሌው የሉም። ፊቷን አዙራ መንገዷን ቀጠለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ኋላ ዞርን። ቡና ቤቱን አለፍነው፣ የተጠበሰውን ዶሮ አለፍነው። ከዚያም ወዲያ፣ ወደ መጣንበት አቅጣጫ፣ ጋሽ ሴና በምርኩዛቸው እየተደገፉ ይሄዳሉ፤ ምርኩዝ፣ ደኅነኛው እግር፣ የታመመው እግር። ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ስለመሰለኝ መኪናዋ ሳትቆም ዘልዬ ወረድኩ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። ፊታቸው በላብ ረጥቧል።

«አገኘሁህ» አሉ። «መንገዱን አያውቀውም፣ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ፍለጋ መጣሁ።»

ቶሮንቶን በር በበር የማውቀውን ሰውዬ ሊፈልጉ፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሰዋል። ዶናት ልበላ ሄጄ ነው አልኳቸው። አልጾምኩም፣ ምሳውንም እምቢ ያልኩት እንድትለምነኝ ነው አልኳቸው። ጋሽ ሴና፣ ማሊኒም እንዲሁ ነበረች አሉ፤ ሦስት ጊዜ ካልለመኗት አትበላም ነበር።

እትዬ ውድነሽ የኋላውን በር ከፍተው ይግቡ አሉ። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። እትዬ ውድነሽ ይሄን መግደርደር መስሏቸው በሞቴ ማለት ሲጀምሩ ነገሩን አስረዳኋቸው። ስለት በእግር ነው። እሳቸው ደግሞ ስለት ያውቃሉ፤ በወጣትነታቸው ቁልቢ በእግራቸው የሄዱ ሴት ናቸው። በሩን ዘጉና፣ እንግዲያው እኔ ከኋላ አጅባለሁ አሉ።

አጀቡን። የመኪናዋን መብራቶች ሁሉ እያብለጨለጩ፣ ኪንግስተን ሮድን የሚያህል መንገድ ላይ፣ በእኛ እርምጃ ልክ። ከኋላቸው ያለው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ነፋ። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጎናቸው መጥቶ ሲጮኽባቸው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ ልብ ይስጥህ አሉት። ሰውዬው የገባው መስሎ ዝም ብሎ ሄደ። እኔ በዚህ ጊዜ የጋሽ ሴናን ክንድ ይዣለሁ። ወደ ፊት ሊያመልጥ የሚፈልግ እግር አልነበረኝም።

የቤተ መቅደሱ ባንዲራዎች ሲታዩ ጉልበታቸው ከዳቸው። እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። እኔን ፍለጋ ወደ ኋላ የሄዱበት መንገድ፣ ለዚህ ለመጨረሻው የተቀመጠውን ጉልበት በልቶታል። እሳቸው አላሉም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ። ባንዲራዎቹን ለረጅም ጊዜ አዩ።

«ይበቃል» አሉ በመጨረሻ። «መኪናው ይምጣ።»

አይመጣም አልኩ። እንዲህ ቆርጬ የተናገርኩት መቼ እንደ ሆነ አላስታውስም። እትዬ ውድነሽ መኪናቸውን ማቆም በተከለከለበት ቦታ አቁመው መጡ። አንዱን ክንድ እኔ፣ አንዱን ክንድ እሳቸው ትከሻችን ላይ አደረግን። እግራቸው መሬት ይርገጥ እንጂ ክብደቱን እኛ እንችለዋለን። አንድ እርምጃ፣ እረፍት። አንድ እርምጃ፣ እረፍት። እትዬ ውድነሽ በየእረፍቱ እመቤቴን ይጠሩ ነበር፤ ጋሽ ሴናም በቋንቋቸው የሆነ ነገር ይላሉ። እኔ መሬቱን እያየሁ እግራቸውን እጠብቃለሁ። ሰው እንደዚህ ጠብቄ አላውቅም።

ደጁ ደረስን። የኔ ቃል እስከዚህ ነበር። ግን ሽማግሌው እኔን ተደግፈዋል፤ ብለቃቸው ይወድቃሉ። ጫማዬን አወለቅሁና ገባሁ። እትዬ ውድነሽም ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከደፉ ግን አላለፉም። እኔ እዚሁ ነኝ አሉ።

ውስጡ ጸጥ ብሏል። ሰዉ ሁሉ መሬት ላይ ተቀምጦ ጋሽ ሴናን ሲጠብቅ ነበር። ኩማሪ መጥታ ከመነኮሳቱ ፊት አስቀመጠችን። ሳህን ላይ ባዶ ብርጭቆ፣ ከአጠገቡ ውሃ የሞላ የናስ ማንቆርቆሪያ አለ። ሥርዓቱን በጆሮዬ ነገረችኝ። ቤተሰብ ማንቆርቆሪያውን አንድ ላይ ይዞ ውሃውን ሳያቋርጥ፣ በቀጭኑ፣ ብርጭቆው እስኪሞላና እስኪፈስ ድረስ ያንቆረቁራል። በዕለቱ የተሠራው መልካም ነገር ሁሉ ለሞተው ሰው የሚላከው በዚያ ነው። የካልጋሪው ልጅ በኩማሪ ስልክ ላይ ብቅ ብሏል፤ አባቱን አይቶ ያለቅሳል። ስልክ ግን እጅ የለውም። ጋሽ ሴና ማንቆርቆሪያውን ብቻቸውን አነሡ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ውሃው ከብርጭቆው ውጪ ጠብ ጠብ አለ።

ወደ እኔ ዞሩ። ያዝልኝ አላሉም። ያየሁት ዓይናቸውን ብቻ ነው። እኔ በንስሐ አባቴና በዚያ እጅ መካከል ቀረሁ። ወደ ደፉ ዞሬ እትዬ ውድነሽን አየሁ።

«ያዝለት እንጂ» አሉ ከደጅ። «የሰውየው እጅ እኮ ብቻውን ነው።»

ያዝኩ። እጃቸው ከእጄ ሥር ትንሽ ተንቀጠቀጠና ተወው። መነኮሳቱ ማዜም ጀመሩ። ውሃው እንደ ክር ሆኖ ብርጭቆው ውስጥ ወረደ። ብርጭቆው ሞላ፣ ከከንፈሩ ተርፎ ወደ ሳህኑ ፈሰሰ፣ ጋሽ ሴና ዓይናቸውን ጨፍነው ማሊኒ፣ ማሊኒ ይላሉ። ድምፃቸው ከኩሽና ሚስቱን የሚጠራ ሰው ድምፅ ነው። ልጄን ያቀፉ ሴት ናቸው። አንድ ቀን እንኳ ተቀምጬ አላመሰገንኳቸውም፤ አለቀስኩ።

ማንቆርቆሪያው እየቀለለ መጣ። ውሃው ሲያልቅ ሽማግሌው ስሟን መጥራት ሊያቆሙ ነው። እኔም ማንቆርቆሪያውን በጥቂቱ ቀና አደረግሁት፣ ውሃው ትንሽ እንዲቆይ።